የሞከራችሁትን «ሞክሬያለሁ» በሉ

(መግቢያ ሙዚቃ፤ ዝግ ይላል)

መቀሌ ላይ ለጸሐፊነት ሥራ ማመልከቻ የምታዘጋጁ ወጣቶች፣ የዛሬው ዝግጅት ለእናንተ ነው። ማስታወቂያው «ዎርድፕረስ የሚችል» ይላል፤ እናንተ ግን ይህን የድረ ገጽ ማዘጋጃ ሶፍትዌር ነክታችሁት አታውቁም እንበል። ምን ትጽፋላችሁ?

በመጀመሪያ አትሸማቀቁ። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በትግራይ ኢንተርኔት ለሁለት ዓመት ያህል ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ያመለጣችሁ ነገር የስንፍና ምልክት አይደለም።

ቀጥሎ ችሎታችሁን በሦስት ክፈሉት፦ የሠራሁበት፣ የሞከርኩት፣ በመማር ላይ ያለሁት። ሶፍትዌሩ ነጻ ስለሆነ ዛሬውኑ ሞክሩትና እንዲህ ጻፉ፦ «ዎርድፕረስን በሥራ ላይ አልተጠቀምኩበትም። በዚህ ሳምንት ግን የሙከራ ገጽ ከፍቼ ሁለት ጽሑፎች ከነፎቷቸው ጭኛለሁ፤ አድራሻው ይኸው።»

ማጋነን ለምን አይበጅም? በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊደርስ ይችላል። በዚህ ጊዜ ለሥራው ብቁ ሆኖ ያልተገኘ ሠራተኛ ያለማስጠንቀቂያ ሊሰናበት ይችላል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። በወረቀት ያሰፈራችሁት፣ ቀጣሪው ፊት ቁጭ ብላችሁ ሠርታችሁ የምታሳዩት ይሁን። መልካም ዕድል!

(መውጫ ሙዚቃ)