የኮምፒዩተር ማስታወሻ የሚያስታውሰው ምንድን ነው?



 የምናገርበት ነገር ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አንድ ወዳጄን ሊያሳጣኝ ተቃርቦ ነበርና አትናቁት።

ፕሮግራም የሚጽፍ ሰው የጻፈውን ኮምፒዩተሩ ወደሚሠራበት መልክ መለወጥ አለበት። ይህን ሥራ ከሚያሰናዱት መሣሪያዎች አንዱ ኪትዌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያዘጋጀው ሲሜክ ነው። ሲሜክ በመስኮቱ ላይ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም የፕሮግራሙ ጽሑፍ የት እንዳለና ግንባታው የት እንዲደረግ ነው። ረጅሙን አድራሻ በየጊዜው እንዳንጽፍም በቅርብ የሠራንባቸውን የግንባታ ፎልደሮች እስከ 10 ድረስ በዝርዝር ይይዝልናል። መጨረሻ የተሠራበት ከላይ ይቀመጣል፤ ዝርዝሩ ሲሞላ የቆየው ይወጣል። ዝርዝሩ የሚጻፈው በዊንዶውስ ሬጂስትሪ በሚባለው መዝገብ፣ በሊኑክስ ደግሞ በተጠቃሚው የግል ፎልደር ባለ ትንሽ ፋይል ነው።

የጽሑፉን አድራሻ ግን ከዚህ ዝርዝር አያገኘውም። በግንባታው ፎልደር ውስጥ ካሽ የሚባል ፋይል አለ፤ የጽሑፉ ቦታ በእርሱ ላይ ተመዝግቧል። ስለዚህ የግንባታውን ፎልደር ስንመርጥ የጽሑፉ አድራሻ በራሱ ይሞላል።

እንግዲህ የእኔ ስሕተት ይህ ነበር። ከጓደኛዬ ጋር ሆነን የመጻሕፍት መመዝገቢያ ፕሮግራም ስንሠራ ጽሑፉን ወደ አዲስ ፎልደር ገልብጠን ስሕተቱን በዚያ አረምን። ለመምህራችን በምናሳይበት ዋዜማ ግን ከዝርዝሩ ራስ ያለውን አድራሻ ሳላነብ መረጥሁ። ፕሮግራሙም ከነአሮጌው ስሕተቱ ወጣ። እኔም «እርማቴን አጠፋህብኝ» ብዬ ጓደኛዬን በሰው ፊት ተቆጣሁት። እርሱ ዝም ብሎ በጣቱ አድራሻውን አሳየኝ፤ የአሮጌው ፎልደር ነበር! አፍሬ ይቅርታ ለመንሁት፤ እርሱም ይቅር አለኝ።

ከዚህ የተማርሁትን ላካፍላችሁ። መጀመሪያ፣ ሁለቱንም አድራሻ ሳታነቡ ሥራ አትጀምሩ። ሁለተኛ፣ የጠፋ ፎልደር ስሙ በዝርዝሩ ሊቆይ ስለሚችል ስሙን አይታችሁ ሥራዬ አለ አትበሉ። ሦስተኛ፣ የግንባታ ፎልደር ከነካሹ ቢገለበጥ ካሹ የቀድሞውን ቦታ እንደ ያዘ ስለሚሄድ፣ በአዲሱ ቦታ እንደ ገና ከባዶ መጀመር ይሻላል። አራተኛ፣ በአንድ መግቢያ ስም ብዙዎች የሚሠሩ እንደ ሆነ አንዱ የሌላውን የፎልደር ስም ያያልና ተጠንቀቁ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። እኔ ግን ወዳጄን ጠርጥሬ ዝርዝሩን ሳልጠረጥር ቀረሁ። መሣሪያው የያዘልን መንገዱን ብቻ ነው፤ መንገዱ ወዴት እንደሚያደርስ መመርመር የእኛ ፈንታ ነው።