ማረጋገጫ የማያጠግበው ጥርጣሬ፦ ስለ ኦብሰሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር እና ሕክምናው



አንዲት ተማሪ ከቤቷ ወጥታ ጦር ኃይሎች ባቡር ጣቢያ ደረሰች እንበል። «ስቶቩን አጥፍቼዋለሁን?» የሚል ሐሳብ መጣባት። ተመልሳ አየች፤ ጠፍቷል። ጣቢያው ስትደርስ ደግሞ «በደንብ አይቻለሁን?» አለች። በአራተኛው ምልልስ ፈተናው አለፋት። ስቶቩ መጥፋቱን ግን ታውቃለች፤ የሕመሙ ጭካኔም እዚህ ላይ ነው።

ሕመሙ ሁለት ገጽ አለው፦ ሳይፈልጉት የሚመላለስ አስጨናቂ ሐሳብ፣ እና ጭንቀቱን ለማብረድ የሚደጋገም ድርጊት። መታጠብና መፈተሽ ለዐይን ይታያሉ፤ በልብ መቁጠር ግን አይታይም። ጠረጴዛውን ስላስተካከለ ብቻ «ኦሲዲ አለብኝ» የሚል ተማሪ ስለዚህ ሕመም አያወራም።

በአገራችን ሕመሙ ብዙ ጊዜ ሃይማኖታዊ መልክ ይይዛል። ሙስሊሙን «ወስዋስ» የሚባለው ጥርጣሬ ውዱእ ደጋግሞ ያስደርገዋል፤ በቅዳሴ መካከል የስድብ ሐሳብ የሚመጣበት ኦርቶዶክሳዊ ደግሞ በየቀኑ ወደ ንስሓ አባቱ ይመላለሳል። ሐሳቡ የሚያስጨንቀው እምነቱን ስለሚያከብር እንጂ ስለ ናቀ አይደለም። ይሁንና ኀፍረቱ አፍ ያስይዛል፤ ከዚህ ብዙ ወደማይርቀው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መሄድማ ለብዙዎች ከሕመሙ በላይ ያስፈራል።

በ1966 እ.ኤ.አ. ቪክቶር ማየር የተባለ የሥነ ልቡና ባለሙያ እንግሊዝ አገር ሁለት ሕሙማንን ከሚፈሩት ነገር ጋር እያገናኘ የለመዱትን ድርጊት እንዳይፈጽሙ አደረገ፤ ሁለቱም ተሻላቸው። የዛሬው የመጋፈጥና የመታቀብ ሕክምና ከዚህ የተነሣ ነው። ተማሪያችን በተመለሰች ቁጥር ለጊዜው ታርፋለች፤ አእምሮዋ ግን «ከአደጋ የዳንኩት ስለ ተመለስኩ ነው» ብሎ ይማራል። ሳትመለስ ባቡሩን ብትሳፈር ጭንቀቱ መጀመሪያ ይጨምራል፤ ኋላ ግን ልትሸከመው እንደምትችል ታያለች። ይህ በባለሙያ መሪነት፣ ከቀላሉ ተነሥቶ፣ በታማሚው ፈቃድ ይከናወናል። በግድ የሚደረግ ከሆነ ሕክምና አይባልም።

ከመድኃኒቶቹ መካከል ፍሎክሰቲን፣ ሰርትራሊንና ክሎሚፕራሚን ይገኛሉ። መጠናቸው ለድባቴ ከሚሰጠው ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ውጤታቸውን ለመመዘንም ከ8 እስከ 12 ሳምንት ያስፈልጋል። በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ማቋረጥ ጊዜው ሳይደርስ መፍረድ ነው።

ቤተሰብን ሳላነሣ አላልፍም። «ጠፍቷል እኮ ልጄ» እያለች በቀን ሃያ ጊዜ የምትመልስ እናት ከፍቅር የተነሣ ሳታውቀው የሕመሙ አጋዥ ትሆናለች። በድንገት ዝም ማለትም ጭካኔ ነው። ከልጅቷና ከሐኪሙ ጋር ተስማምታ መልሱን ቀስ በቀስ ትቀንሳለች፤ ለመጀመሪያው ሳምንት «አሁን ጭንቅ ብሎሻል፤ አብሬሽ እቀመጣለሁ» ማለት ይበቃታል። ለንስሓ አባትም የምመክረው ይህንኑ ነው።