ቤቱ አልቋል፤ አሁን ምን እናስገባበት?

ውድ እህቶቼ፣ ካቶሊክም፣ ኦርቶዶክስም፣ ጴንጤም፣ ሙስሊምም እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ የዛሬው ጉዳይ የሁላችንም ነው።

ለምክር ስትመጡ ብዙዎቻችሁ፣ «ቤቱ ቆርቆሮ ለብሷል፣ በርና መስኮት ገብቷል፣ የቀረው ዕቃ ብቻ ነው» ትሉኛላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ይቺ «ብቻ» የምትለው ቃል ናት። በእሷ ምክንያት ሁለት ዓመት፣ ከዚያም ሌላ ሁለት ዓመት ኮንትራት የሚጨምሩ እህቶች አሉ። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ ያስተምረናል። እኛም ዛሬ ተቀምጠን እናስላ።

መጀመሪያ ወረቀቱ። አንድ ብርጭቆ እንኳ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፦ የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው በማን ስም ነው? በአገራችን ሕግ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የእናንተ የሚሆነው የመጠቀም መብቱና የሠራችሁት ቤት ነው። ውክልና ሰጥታችሁ ከሆነም ወረቀቱን እንደገና አንብቡት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር ነው፤ ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት ልዩ ሥልጣን ያስፈልጋል። ያላሰባችሁት «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚል ቃል ካለበት ውክልናውን መሻር ትችላላችሁ። ይህን የምለው ቤተሰብን ለመጠርጠር አይደለም። ግልጽ ወረቀት ወንድምንም ከፈተና ይጠብቀዋል።

ሁለተኛ፣ ግድግዳው ውስጥ የሚገባው። ቤቱ ገና ካልተለሰነ ዕድለኞች ናችሁ፤ የሶኬት ቦታ የሚወሰነው ከልስን በፊት ነውና። አልጋው፣ ፍሪጁና ምጣዱ የት እንደሚቀመጡ በወረቀት ላይ ሥላችሁ ላኩ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ሊስብ ስለሚችል ከቆጣሪው ጀምሮ የራሱ ወፍራም መስመር ይፈልጋል። ከመብራት ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦ ከተቀጠለ ሽቦው ይግላል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ልስኑ ሳይደርቅ ቀለም አታስቀቡ፤ ያብጥና ይላጣል፤ ብሩም አብሮ ይላጣል።

ሦስተኛ፣ የዕቃው ቅደም ተከተል። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን ማድ ቤት ውስጥ፣ በረንዳ ላይ፣ የልጆች አልጋ ሥር የተኛነው? እንግዲያው ወደ አዲሱ ቤት መጀመሪያ የሚገባው ዕቃ የእናንተ አልጋ ይሁን። ጥሩ ፍራሽ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ ቁልፍ ያለው በር።

አንዲት እህት እንድነግራችሁ ፈቅዳልኛለች። ለእረፍት አገሯ ስትገባ ሳሎኑ ሙሉ ነበር፦ ሶፋ፣ ቡፌ፣ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ድርብ መጋረጃ። ሁሉንም የገዛችው እሷ ናት። ማታ ግን ሳሎን መሬት ላይ ፍራሽ ተነጠፈላት፤ ክፍሎቹ ሁሉ ተይዘው ነበር። ሊበድላት ያሰበ ሰው አልነበረም። ለቤተሰቡ እሷ ብር የሚልክ ስልክ እንጂ መኝታ የሚያስፈልጋት ሰው መሆኗ ተረስቶ ነው። አልጋችሁ እዚያ ከቆየ፣ እናንተም በዚያ ቤት ውስጥ አላችሁ።

ከአልጋ ቀጥሎ ውሃና መጸዳጃ ቤት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የውሃ ታንከር ከቴሌቪዥን ይቀድማል። ከዚያ ማድ ቤት፦ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ድስት፣ የዕቃ መደርደሪያ። ቀጥሎ ጥቂት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ። ሳሎን የመጨረሻው ነው። ለቤት ምርቃት ዘመድ ጎረቤት ባዶ እጁን እንደማይመጣ ታውቃላችሁ፤ ብርጭቆውን፣ ፔርሙዙን፣ ትሪውን ለእነሱ ተዉላቸው።

ከዚህ ምን እንውሰድ፣ ምን እዚያ እንግዛ? ሶፋ፣ አልጋና ቡፌ እዚያው ይሠራል። አናጺውን የዋንዛ እንጨት ጠይቁት፤ በደንብ የደረቀ መሆኑንም የሚያውቅ ሰው ይይላችሁ፤ እርጥብ እንጨት ኋላ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። የተጨመቀ እንጨት ከመረጣችሁ ከውሃ አርቁት፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል። ከዚህ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ጥሩ ቢላዋና ድስት ይበቃል። ኤሌክትሪክ ዕቃ ካሻችሁ 220 ቮልት መሆኑን እዩ፤ መሰኪያውንም እዩ። በዱባይና በኩዌት ያለው ሦስት አራት ማዕዘን ጥርስ ያለው መሰኪያ እኛ አገር በብዛት ካለው ባለ ሁለት ክብ ሶኬት ጋር አይገጥምም። ለፍሪጅ ስታብላይዘር አትርሱ፤ መብራት እየሄደ ሲመጣ ሞተሩን ይጎዳል። ካርጎ ከመጫናችሁ በፊት የማጓጓዣውንና የጉምሩኩን ሒሳብ ጠይቁ፤ የበሩንም ስፋት አስለኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብር ዋጋ ወርዷል፤ ከውጭ የሚገባ ዕቃም ተወዷል። ስለዚህ ዋጋን በብር ብቻ አትቁጠሩት፤ በወር ደመወዝ ቁጠሩት። ይህ ሶፋ ስንት ወሬ ነው? ይህ መጋረጃስ? ከዚያ ሌላ ጥያቄ ጠይቁ፦ በእነዚያ ወራት ልጄ ስንት ዓመት ይሞላታል? እናቴስ? መልሱን እኔ አልነግራችሁም። «ይገባኛል» ብላችሁ የምትቆዩ ካላችሁ፣ አስልታችሁ ቆዩ። ሳታሰሉ ግን አትቆዩ።

እህቶቼ፣ ስለ ቤት አያያዝ ማንም አያስተምራችሁም። የሰው ቤት ስንት ዓመት ያጸዳችሁ፣ ያስተካከላችሁ፣ ያሳመራችሁ እናንተ ናችሁ። የትኛው ወለል ቶሎ እንደሚቆሽሽ፣ የትኛው ዕቃ ተገዝቶ ሳይነካ እንደሚቀመጥ ከማዳም ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ያንን እውቀት አንድ ጊዜ ለራሳችሁ አውሉት።

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ኑ። የክፍሎቹን ስፋት ከቤተሰብ ጠይቃችሁ አምጡ፤ አብረን እናሰላለን። የሞላ ሳሎን ባይኖርም፣ ገብታችሁ የምታርፉበት ቤት እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አሜን።