የ10 ዓመት ምርት፣ የ99 ዓመት ሊዝ

(ስለ ከተማ መስፋፋት በተዘጋጀ የውይይት መድረክ ላይ ያሰማሁት ንግግር)



የማድረው ዘንዘልማ፣ እንጀራዬን የምፈልገው ባሕር ዳር ነው። ጠዋት ዓባይን ወዲህ፣ ማታ ዓባይን ወዲያ! በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው 380 ሜትር ድልድይ የአሮጌውንና የጠባቡን ድልድይ ሰልፍ አቃሎልናል። ይህን መካድ ንፉግነት ነው። የቤት ኪራይን ግን ድልድይ አያወርደውም። ዘንዘልማና መሸንቲ የምናድረው ወደን መሰላችሁ?

ባሕር ዳርም ራሷ መንደር ነበረች። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ጎጆዎች፣ በጣና ዳር ከደንገል ታንኳ የሚሠሩ ወይጦዎች፤ ይኸው ነበር። በ1950ዎቹ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ ፖሊ ቴክኒኩና የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ተከታተሉ። ያኔ ሥራ ተከፍቶ ሰው ወደ ከተማዋ መጣ። ዛሬ ከተማዋ ናት ገበሬው ማሳ ድረስ የምትሄደው።

አካሄዷስ? በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሬቱን ለዘለቄታው የለቀቀ ገበሬ የሚካሰው ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው በ10 ተባዝቶ ነበር። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ የመኖሪያ ቤት መሬት እስከ 99 ዓመት በሊዝ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። የ2011ዱ የካሳ አዋጅ ብዜቱን ከ10 ወደ 15 ከፍ አደረገው፤ ተመስገን! ግን ጎበዝ፣ 15 እና 99 የት ይገናኛሉ?

ገበሬው ሞኝ አይደለም፤ ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። ዳጉሳና በቆሎ ያመርቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴን «አባባ፣ ማሳዎን ለምን ሸጡት?» ብላቸው፣ «ሊወስዱት ነው ሲሉኝ ቀደምኳቸዋ!» አሉኝ። ብሩ ቆርቆሮ ሆነ፣ የልጅ ሠርግ ሆነ፣ አለቀ። ገዢውም ቱጃር እንዳይመስላችሁ። በሊዝ ጨረታ ገብቶ ከባለ ሀብት ጋር መፎካከር የማይችል አስተማሪ ወይም ልብስ ሰፊ ነው። በሌሊት ማገር ይመታል፣ በጨረቃ ጭቃ ይመርጋል። «የጨረቃ ቤት» የተባለውም ለዚሁ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ዶዘር ይመጣል፤ ቤቱ ይፈርሳል፤ ሻጩ መሬት የለው፣ ገዢው ጣራ የለው።

እኔም የተከራየሁት ከእንዲህ ያለው ቤት አንዱን ነው፤ ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አልዋሽም። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ሊዙ በየዓመቱ ሲከፈል፣ ከዚያው ገንዘብ ላይ ለመሬቱ የቀድሞ አራሽና ለልጆቹ በየዓመቱ ድርሻ ይታሰብላቸው። የ99 ዓመት ገቢ ላገኘ ከተማ ይህ ምን ይከብደዋል?

በሉ፣ የዘንዘልማ ታክሲ ሳያመልጠኝ ጥያቄያችሁን ልስማ።