ድካሙ ሁሉ የቆላ ሙቀት አይደለም፦ የስኳር ሕሙማን የልብ ተጋላጭነት በወረርሽኝ ወቅት
(ለሸዋ ሮቢትና ለይፋት ቆላ ነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መገኘቱ ከተነገረ ወዲህ ስለ እጅ መታጠብ፣ ስለ አካላዊ ርቀትና ስለ አፍና አፍንጫ መሸፈኛ ደጋግመን ተነጋግረናል። ዛሬ የምናገረው ግን በዚህ ሁሉ መካከል ስለተዘነጋ ጉዳይ፣ ከስኳር በሽታ ጋር ስለሚኖሩ ወገኖቻችን ልብ ነው።

የስኳር በሽታ ያለበት ሰው በኮቪድ-19 ቢያዝ ለጽኑ ሕመም የመዳረግ ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል። ልቡም የታመመ ከሆነ አደጋው ይበረታል። ይህን ሰምተው የክትትል ቀጠሯቸውን የተዉ አሉ። ፍርሃቱ የሚገባ ነው፤ ነገር ግን ከወረርሽኙ ለመሸሽ ብሎ ክትትል ማቋረጥ አንዱን በር ዘግቶ ሌላውን ከፍቶ መተው ነው።

በደም ውስጥ የበዛ ስኳር የደም ሥሮችን ከውስጥ ቀስ በቀስ ይጎዳል። በዚህ ላይ የደም ግፊት፣ የኮሌስትሮል ብዛት ወይም ሲጋራ ሲጨመር ሥሮቹ ይጠባሉ። ወደ ልብ የሚወስደው ሥር ሲዘጋ ድንገተኛ የልብ ሕመም፣ ወደ አንጎል የሚወስደው ሲዘጋ ደግሞ ስትሮክ ይከሰታል። ስኳር ነርቭንም ስለሚጎዳ አንዳንድ ሕሙማን ልባቸው በብርቱ ሲታመም እንኳ ደረታቸውን አያማቸውም። የሚሰማቸው ያልተለመደ ድካም፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ ወይም የትንፋሽ ማጠር ብቻ ሊሆን ይችላል። እኛ ደግሞ የምንኖረው በቆላ ነው። ላቡንም ድካሙንም «ሙቀቱ ነው» ብለን ማለፍ ለምደናል። በይፋት ላለ የስኳር ሕመምተኛ ይህ ልማድ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ታዲያ ሕመሙ እስኪመጣ መጠበቅ ይገባናልን? አይገባንም። ማሾ የሚዘራ ገበሬ ደመናውንና የመሬቱን እርጥበት አይቶ እንደሚገምት ሁሉ፣ የጤና ባለሙያም የልብን ተጋላጭነት አስቀድሞ ይገምታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለዚህ የሚያገለግል ሰንጠረዥ አዘጋጅቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታደሰው ይህ ሰንጠረዥ ለምሥራቅ አፍሪካ የተለየ ገጽ ያለው ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 74 ዓመት ለሆኑ ሰዎች ያገለግላል። ባለሙያው ዕድሜን፣ ጾታን፣ ሲጋራ ማጨስን፣ የላይኛውን የደም ግፊት ቁጥር፣ የኮሌስትሮል መጠንንና የስኳር በሽታ መኖር አለመኖሩን አይቶ በሚቀጥሉት 10 ዓመታት ያለውን ተጋላጭነት በመቶኛ ያነባል።

መቶኛው ምን ማለት ነው? ውጤታችሁ 20 በመቶ ከሆነ፣ እንደ እናንተ ያሉ 100 ሰዎች ቢሰባሰቡ ከመካከላቸው 20ዎቹ በ10 ዓመት ውስጥ ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ሊያገኛቸው ይችላል ማለት ነው። ከ5 በመቶ በታች አረንጓዴ፣ ከ5 እስከ 10 ቢጫ፣ ከ10 እስከ 20 ብርቱካናማ፣ ከ20 በላይ ቀይ፣ ከ30 በላይ ደግሞ ጥቁር ቀይ ነው። ቀይ ፍርድ አይደለም፤ ማስጠንቀቂያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የኮሌስትሮል ምርመራ በሌለበት ቦታ በክብደትና በቁመት የሚሠራ ሌላ ሰንጠረዥ አለ። ይህኛው ግን የስኳር በሽታን አይቆጥርም። ስለዚህ ለስኳር ሕመምተኛ የሚያሳየው ቁጥር ከእውነተኛው ሊያንስ ይችላል። በዚህ መንገድ አረንጓዴ ወጣልኝ ብላችሁ አትዘናጉ፤ «የስኳር በሽታ አለብኝ፤ የኮሌስትሮል ምርመራ የት ላገኝ እችላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በፊት ድንገተኛ የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ የደረሰበት ሰው ደግሞ ሰንጠረዥ አያስፈልገውም፤ ተጋላጭነቱ ከፍተኛ እንደሆነ ታውቋል።

ከእነዚህ መለኪያዎች መካከል ዕድሜንና ጾታን መለወጥ አይቻልም፤ የደም ግፊትን፣ የኮሌስትሮል መጠንንና ሲጋራ ማጨስን ግን ማሻሻል ይቻላል። ለብዙ የስኳር ሕሙማን የደም ግፊት ግቡ ከ130/80 በታች ነው። የቀን ጨው ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳይበልጥ አድርጉ። የምታጨሱ ካላችሁ ዛሬውኑ አቁሙ። በየቀኑ በእግር ተጓዙ፤ ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ወይም ወደ ማታ ይሁን። ዕድሜያችሁ 40 ከሞላ፣ ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ስታቲን የተባለው መድኃኒት ያስፈልገኝ እንደሆነ ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ። መጾም የምትፈልጉ፣ በጾሙም ሆነ በረመዳን፣ የመድኃኒቱ ሰዓትና መጠን እንዲስተካከል አስቀድማችሁ ተመካከሩ።

በወረርሽኙ ወቅት ኢናላፕሪልን የመሳሰሉ የግፊት መድኃኒቶች ኮቪድን ያባብሳሉ የሚል ወሬ ተሰምቷል። በዚህ ወሬ ተነሥታችሁ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ። መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ጤና ጣቢያችሁን ጠይቁ፤ ሕመማችሁ የተረጋጋ ከሆነ የበርካታ ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ ሊሰጣችሁ ይችላል። ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄዱ መሸፈኛ አድርጉ፣ ርቀታችሁን ጠብቁ፣ ስትመለሱም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

ያልተለመደ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የደረት መጨነቅ፣ የፊት መጣመም ወይም የአንድ ወገን እጅና እግር መስነፍ ሲታይ ግን «ሲመሽ ይበርዳል፣ ይሻለኛል» አትበሉ። ከዚህ ተነሥቶ ለከፍተኛ ሕክምና ደብረ ብርሃን ለመድረስ የደብረ ሲናን ዳገት መውጣት ግድ ነው። መንገዱን ማሳጠር አንችልም፤ የምናሳጥረው ቤት የምንቆይበትን ጊዜ ነው። ላቡ ስኳር ከመጠን በላይ ወርዶም ሊሆን ስለሚችል፣ መለኪያ ካላችሁ ለኩና ሳትዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ትኩሳትና ሳል ካለ ደግሞ ለጤና ተቋሙ አስታውቁ።

ከዚህ ስትመለሱ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ «ስኳሬ ስንት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ «የልቤ ተጋላጭነትስ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የታወቀ አደጋ ካልታወቀው ይልቅ ለመከላከል ይቀላል።