ውሃው ለምን በ91 ፈላ?

(የሚንተከተክ ድስት ድምፅ)

አቅራቢ፦ የምትሰሙት የባቄላ ንፍሮ ነው። የዛሬው የኬሚስትሪ የቤት ሥራም የሚጀምረው ከምድጃው ዳር ነው።

አንዲት የመካነ ሰላም ተማሪ የውሃን መፍያ ነጥብ ለክተሽ ነይ ተባለች እንበል። ቴርሞሜትሩን የድስቱን ታች ሳታስነካ ውሃው መሃል ያዘችው። ውሃው ይንተከተካል፤ መስመሩ ግን 91 ዲግሪ አካባቢ ቆመ። እንጨት ጨመረች፤ ንቅንቅ የለም። መጽሐፉ ደግሞ 100 ይላል። ታዲያ የቱን ትጻፍ?

ያየችውን! ውሃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከላዩ ካለው የአየር ግፊት ጋር ሲተካከል ነው። 100 ዲግሪ የሚሠራው በባሕር ወለል ከፍታ ነው። መካነ ሰላም ግን ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ይላል። መፍያ ነጥቡም በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል።

ደጋ ላይ ንፍሮ ቶሎ አልበስል የሚለውም ለዚሁ ነው። እሳት መማገድ ውሃውን ያተነዋል እንጂ ሙቀቱን አይጨምረውም። ክዳኑ ግጥም የሚለው የግፊት ድስት ግን እንፋሎቱን አምቆ መፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርገዋል።

(ሙዚቃ ዝቅ ብሎ ይገባል)

ለመምህራን አንድ የቡድን ፕሮጀክት እንጠቁም፦ አንዱ ቡድን ከተማው ላይ፣ ሌላው ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ይለካ። ቁጥሮቹ ሲለያዩ ተማሪው ከመጽሐፍ መገልበጡን ትቶ መጠየቅ ይጀምራል። በቀጣዩ ዝግጅት እስክንገናኝ ደህና ሁኑ!