አየርን ስለ መጠበቅ፦ ከባሕር ቀላይ እስከ ጅግጅጋ መንገድ



ዛሬ በፊታችሁ የምናገርበት ጉዳይ፣ ወደ ባሕር ለሚጠልቅ ሰው የሕይወቱ ስንቅ የሆነው አየር ከዕቃው ሾልኮ እንዳይወጣ የመጠበቅ ኪነት እንዴት እንደ ተወለደና እንዴት እንዳደገ ነው። ከባሕር በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተዘረጋው በጅግጅጋ ሜዳ ላይ ስለ ጠላቂ መናገር ምን ይረባል የሚል ቢኖር፣ የጠላቂው ዕቃና ከበርበራ ወደብ ጭኖ የሚመጣው መኪና ጎማ የአንድ ቤተ ሰብ ልጆች መሆናቸውን ታሪኩ ራሱ ይመሰክርልኛል።

ጥንተ ነገሩ ከቆዳ ይነሣል። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ9ኛው መቶ ዓመት የነበረው የአሦር ንጉሥ ዳግማዊ አሹርናሲርፓል በቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ባስቀረጸው ድንጋይ ላይ፣ በአየር የተነፋ ስልቻ ታቅፈው ወንዝ የሚሻገሩ ሰዎች ይታያሉ። በዚህ አገር ውኃውን በቆዳ ይዞ የሚጓዝ አርብቶ አደርም እንደሚያውቀው፣ ስልቻ ብዙ ጊዜ የሚከዳው በሆዱ ሳይሆን በስፌቱና በአፉ ነው። ቆዳ ደግሞ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና፣ አየርን አጥብቆ የሚይዝ ነገር የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1839 ቻርልስ ጉድይር የተባለው አሜሪካዊ ጎማን ከድኝ ጋር በእሳት አዋሕዶ፣ በበጋ የማይቀልጥ በክረምትም የማይሰበር ካደረገው በኋላ ነው።

ከዚህ ወዲያ የታሪኩ ባለ ሙያ አውጉስት ሽራደር ነው። ይህ ከጀርመን አገር የፈለሰ ሰው እ.ኤ.አ. በ1844 በኒውዮርክ ከተማ ሱቅ ከፍቶ ለጎማ ዕቃዎች የናስ መግጠሚያና ቫልቭ ይሠራ ነበር፤ ቀጥሎም ለጠላቂዎች የመዳብ የራስ ቁርና የአየር መንፊያ እየሠራ ሲኖር፣ ጆን ዳንሎፕ እ.ኤ.አ. በ1888 በቤልፋስት በአየር የሚነፋ የብስክሌት ጎማ ባወጣ ጊዜ፣ ከባሕር ሥራ የቀሰመውን ዕውቀት ወደ መንገድ አዞረው። አየርን ወደ ውስጥ አሳልፎ፣ ሊወጣ ሲል ግን በዚያው አየር ግፊትና በትንሽ ሞላ የሚዘጋው የጎማ ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ1891 ተሠራ፣ በ1893ም የፈጠራ መብት አገኘ፤ ዛሬም በየጎሚስታው ደጅ የምናየው ይኸው ነው።

መንገድም በተራው ውለታውን ለባሕር መልሷል። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ በጀርመን እጅ ወድቃ ቤንዚን በጠፋ ጊዜ፣ ኤሚል ጋኛን የተባለው መሐንዲስ መኪና በጋዝ እንዲሄድ የሚያደርግ የግፊት መቆጣጠሪያ ሠርቶ ነበርና፣ የባሕር ኃይል መኰንኑ ዣክ ኩስቶ ይህንኑ ለጠላቂ አስማማልኝ ብሎት፣ እ.ኤ.አ. በ1943 ሰው አየሩን በጀርባው አዝሎ በነፃነት የሚዋኝበትን መሣሪያ ሁለቱ አንድ ላይ አስገኙ።

ጅግጅጋም በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሷ ስፍራ አላት። በ1928 ዓ.ም. የኢጣሊያው ጄኔራል ግራዚያኒ ጦር የመጣባት፣ በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ደግሞ ከሞቃዲሾ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል በ17 ቀን የገሠገሠው የእንግሊዝ የአፍሪካ ክፍለ ጦር የደረሰባት በመኪና ነበርና፣ የጦር ዕድል በጎማ ላይ የተንከባለለባት ከተማ ናት ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የግራር እሾህና የመንገዱ ድንጋይ ጎሚስታን የማይታጣ ሙያተኛ አደረጉት። እርሱም የውስጥ ጎማውን ነፍቶ በውኃ ገንዳ ውስጥ ስንዝር በስንዝር እያዞረ አረፋ የሚወጣበትን ነጥብ ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ምልክት አድርጎ ያደርቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋል፣ ማስቲሽ ቀብቶ ጥቂት ከታገሠ በኋላ ይለጥፋል፤ በመጨረሻም የቫልቩን አፍ በሳሙና ውኃ አርሶ ይመረምራል። በዓይን የማይታየውን ኅቡእ ነገር ውኃ ክሡት ያደርገዋልና።

የጠላቂውም ሥርዐት ከዚህ አይለይም፤ የሚለየው በአደጋው ክብደት ነው። የከባድ መኪና ጎማ 8 ባር ያህል ሲይዝ፣ የጠላቂው ሲሊንደር 200 ባር ይይዛል፤ 10 ሜትር በወረደ ጊዜም ግፊቱ በውኃው ላይ ከነበረው እጥፍ ስለሚሆን፣ በእያንዳንዱ እስትንፋስ የሚያወጣው አየር እጥፍ ነው። ስለዚህ ብልህ ጠላቂ ሲሊንደሩንና መቆጣጠሪያውን ከማጋጠሙ በፊት በመካከላቸው ያለውን ኦሪንግ የተባለ የጎማ ቀለበት አሸዋ፣ የጨው ቅንጣት ወይም ስንጥቅ እንዳለበት አይቶ፣ ያረጀውን ይለውጣል፤ ቫልቩን በዝግታ ከፍቶ የሚሾልክ አየር ድምፅ ያዳምጣል፤ የግፊት መለኪያውን አንብቦ ቫልቩን ከዘጋ በኋላ መርፌው ዝቅ ማለት አለማለቱን ጠብቆ ያያል፤ ውኃ ውስጥ በገባም ጊዜ ጓደኛው አረፋ ከየት እንደሚወጣ ይመለከትለታል። ከመጋጠሚያው ከሆነ ኦሪንጉ ይለወጣል፤ ከመቆጣጠሪያው ሆድ ከሆነ ግን ለሠለጠነ ባለ ሙያ ይሰጣል እንጂ ብሎኑን በኃይል ማጥበቅ መድኃኒት አይሆንም። ከባሕር ሲወጣም የመቆጣጠሪያውን መግቢያ ከድኖ ዕቃውን በንጹሕ ውኃ ያጥባል፤ የደረቀ ጨው የነገ ቀዳዳ ነውና።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ረቂቁን አየር የሚጠብቀው የብረቱ ውፍረት ብቻ ሳይሆን የትንሿ ቀለበትና የትንሿ ቫልቭ ጤንነት፣ ከእነርሱም በላይ ሳይቸኩል የሚመረምር ሰው ትጋት መሆኑን ነው። ስለዚህ የጎሚስታን ሙያ ዝቅ አድርገን የምናይ ብንኖር ልማዳችንን እናርም፤ የቴክኒክ ትምህርት ቤቶቻችንም ይህን ሙያ ከነታሪኩና ከነምክንያቱ ያስተምሩት። ከካራማራ ተራራ ቁልቁለት በፊት ጎማውን የሚመረምር ሾፌርና ከመጥለቁ በፊት ኦሪንጉን የሚያይ ጠላቂ የሚጠብቁት ሕግ አንድ ነው፦ ቀዳዳ የሚፈለገው ከጉዞ በፊት ነው።